«ያምራል፤ ግን የማንም ሊሆን ይችላል»

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የሠርግ ሥነ ሥርዓት መምራት የጀመርኩት የቅርብ ጓደኞቼ ሲጋቡ ‹አንቺ አጋቢን› ብለውኝ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰው በሰው እየተጠራሁ ሥራዬ እየሆነ መጥቷል። ለእያንዳንዱ ጥንድ አዲስ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ፤ ቢያንስ አዲስ ይመስለኝ ነበር። በቅርቡ አንዲት ሙሽሪት የላክሁላትን አንብባ ‹በጣም ያምራል፤ ግን የማንም ሊሆን ይችላል› ብላ መለሰችልኝ። የቀድሞዎቹን አውጥቼ ሳመሳክር እውነቷን ነው፤ ከስሙ በቀር የሚለወጥ የለም። እጮኛዋ ደግሞ ጨርሶ አይናገርም። ምኗን እንደሚወድ ብጠይቀው ‹ጥሩ ሰው ናት› ብሎ ዝም አለ። በዚህ ላይ የሙሽሪት እናት ‹ጸሎት ያልተደረገበትን ሠርግ አልለውም› ብለዋል፤ ሙሽሮቹ ግን ሃይማኖታዊ እንዳይሆን ተስማምተዋል። ሠርጉ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ሻማ ማብራት፣ አሸዋ ማቀላቀል፣ ግጥም ማስነበብ ብጨምርበት የራሳቸው ይሆንላቸው ይሆን? ወይስ ቀብዱን መልሼ ሌላ ሰው ይፈልጉ?»

ስሟ እንዳይገለጽ የጠየቀች

መልስ

እህቴ፣ ቀብዱን አትመልሺ። ሙሽሪቷ ትልቅ ውለታ ውላልሻለች። አብዛኞቹ ሙሽሮች እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲደርሳቸው «ደስ ይላል፣ እናመሰግናለን» ብለው ይቀበላሉ፤ በሠርጋቸውም ዕለት ስለማያውቋቸው ሁለት ሰዎች የሚነገር ንግግር ቆመው ያዳምጣሉ። ይቺኛዋ ግን ስድስት ሳምንት ሲቀረው ተናገረች። ስድስት ሳምንት በቂ ነው።

ሻማውንና አሸዋውን ለጊዜው ተዪው። በኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ግን የሚያደርግልሽ ነገር ቢኖር አሥር ደቂቃ መጨመር ብቻ ነው። የማንም ሊሆን የሚችል ጽሑፍ ላይ የማንም ሊሆን የሚችል ሻማ ብታስቀምጪ ሁለቱ ተደምረው የእነርሱ አይሆኑም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ የገባኝ፣ ጽሑፉ የተበላሸው ስትጽፊ ሳይሆን ስትጠይቂ መሆኑ ነው። «ምኗን ትወዳለህ?» ብለሽ ስትጠይቂ የምታገኚው መልስ ደግነቷን፣ ሳቋን፣ ጥንካሬዋን ነው። እነዚህ ደግሞ ከማንኛውም እጮኛ አፍ የሚወጡ ናቸው። አንቺም ያንኑ ይዘሽ ትጽፊያለሽ፤ የተሰጠሽ እርሱ ነውና። እንዲያውም «ጥሩ ሰው ናት» ያለው ሙሽራ ከሌሎቹ የበለጠ ሐቀኛ ሳይሆን አይቀርም። ሌሎቹም ያሉሽ ይህንኑ ነው፤ ያስረዘሙት በቃላት ነው።

ስለዚህ ስለ ስሜት አትጠይቂ፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ዕቃ ጠይቂ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ምን አደረጋችሁ? ከሁለታችሁ ቀድሞ የሚነሣው ማነው፣ ተነሥቶስ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? እርሷ ስትታመም አንተ ምን ታደርጋለህ? እርሱ ሲናደድ በምን ታውቂያለሽ? ከተጣላችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚናገረው ማነው፣ ምንስ ብሎ? ከቤታችሁ ዕቃ ሁሉ እርሷ ጣለው የምትልህ፣ አንተ ግን የማትጥለው የትኛው ነው? እንዲህ ላለው ጥያቄ ዝምተኛ ሰውም ይመልሳል፤ ስሜቱን እንዲገልጥ ሳይሆን ያየውን እንዲናገር ነው የተጠየቀው። መልሱ አጭር ከሆነ «ከዚያስ?» በዪና ጠብቂ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙይለት። ሥነ ሥርዓት መሪዎች ብዙ ጊዜ የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ መናገር የሚወድ ሰው ነው ወደዚህ ሥራ የሚመጣው።

ሁለቱን ለየብቻ አነጋግሪያቸው። አብረው ሲቀመጡ አንዱ ይተርካል፣ ሌላው ፈገግ ይላል፤ የምትጽፊውም የተራኪውን ታሪክ ብቻ ይሆናል። ደብዳቤሽ እንደሚያሳየው እስካሁን የያዝሽው የእርሷን ነው። ለየብቻ ስታነጋግሪያቸው ግን ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂያቸው፤ ለምሳሌ ትዳራቸው መሆኑ አይቀርም ብለው ያሰቡት መቼ እንደሆነ። የእርሱና የእርሷ ቀን ተለያይቶ ሲገኝ፣ አንዱ ገና ሲጠራጠር ሌላው ወስኖ እንደነበር ሲታወቅ፣ አንድ ሙሉ አንቀጽ በነፃ አገኘሽ ማለት ነው። ሙሽራውን ደግሞ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ማስታወሻ ደብተር ከምትዘረጊበት አብረሽው ብትራመጂ ይሻላል። ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ፣ ዓይን ለዓይን ሳይገጣጠም፣ አፉ ይፈታል።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። አንድ እንዳንቺው ሙሽራ ያለ ዝምተኛ ሰው ስለ ማታው ሲጠየቅ እንዲህ አለ እንበል፦ «እርሷ ስልኳን ሶፋ ላይ ጥላ ትተኛለች። እኔ ከመተኛቴ በፊት ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ።» በቃ፣ ሌላ አልተናገረም። ለብቻዋ ስትጠየቅ ደግሞ «ስልኬ ጠዋት ሁልጊዜ ሞልቶ አገኘዋለሁ፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም» አለች። አሁን ሁለት ጽሑፎች ተመልከቺ። የመጀመሪያው የለመድሽው ዓይነት ነው፦

«ዛሬ የተሰባሰብነው የሁለት ልቦችን አንድ መሆን ለመመስከር ነው። እውነተኛ ፍቅር መተሳሰብን፣ ትዕግሥትንና መከባበርን ይጠይቃል። እነዚህ ሁለት ወጣቶች በየዕለቱ እርስ በርስ በመተሳሰብ የፍቅርን ትርጉም አሳይተውናል።»

ሁለተኛው፦

«ሙሽራው ብዙ አይናገርም። ይህን ዛሬ የሰማችሁ ካላችሁ ከሙሽሪት ወገን ናችሁ ማለት ነው። ሙሽሪት ማታ ስልኳን ሶፋው ላይ ጥላ ትተኛለች። ጠዋት ስትነሣ ስልኩ ሞልቶ አልጋዋ አጠገብ ታገኘዋለች። ይህ ከተጀመረ ሦስት ዓመት አለፈው፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን እስከዚህ ሳምንት ድረስ አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።»

ሁለተኛው ውስጥ «ፍቅር» የሚል ቃል የለም። ዕድምተኛው ግን ይስቃል፤ ከሣቁም በኋላ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ነው እጅሽን መያዝ ያለብሽ። «እናንተ ሆይ፣ ፍቅር ማለት እንግዲህ ይህ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዕርሽ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ አትጻፊው። ወደሚቀጥለው ነገር እለፊ። የሰው እናት፣ አክስት፣ የሥራ ባልደረባ ተቀምጦ እየሰማሽ ነው፤ የገባውን ነገር ደግመሽ ብታስረጂው ይቀየምሻል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሦስት ወይም አራት ካገኘሽ በቂ ነው። አሥራ አምስት ካገኘሽ አሥራ አንዱን ጣይ። የትኛውን እንደምትይዢ ለመለየት፣ ከዕድምተኛው መሐል ጥቂት ወዳጆች ብቻ የሚገባቸውን ቀልድ አስወግጂ፤ ሦስት ሰው ስቆ መቶ ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ ሥነ ሥርዓቱ ከእጅሽ ይወጣል። የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የገንዘብ ነገር፣ ሕመም፣ ያልተነገረ እርግዝና፣ ከአማት ጋር የተደረገ ጭቅጭቅ፣ እነዚህን ሙሽሮቹ ራሳቸው እየሳቁ ቢነግሩሽም አትንኪ። የቀረውንም ቢሆን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አታንብቢ። ሙሽሮችን በጽሑፉ ማስደነቅ የሚወዱ መሪዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። መደነቅ ያለበት ዕድምተኛው ነው። ሙሽሮቹ ከሚለዋወጡት ቃል ኪዳን በስተቀር እያንዳንዱን መስመር አስቀድመው አንብበው የተስማሙበት ሊሆን ይገባል፤ በዚያን ቀን ሊያስደነግጣቸው የሚችል ሌላ ነገር ሞልቷል።

ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ፈተና አለ። የእነዚህን ሙሽሮች ስም አውጥተሽ ከዚህ በፊት ያጋባሻቸውን የሌሎቹን ስም አስገቢና ጮክ ብለሽ አንብቢው። ስሙ ተለውጦም ምንም ያልጎረበጠሽን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አስምሪበት። ያሰመርሽበትን ሁሉ ግን አትሰርዢ። ይህን የምለው ብዙ አዳዲስ መሪዎች «ግላዊ» ለማድረግ ሲሉ ወደ ሌላው ጫፍ ስለሚሄዱ ነው። ጨዋታ በጨዋታ ላይ ይደራርቡና ሥነ ሥርዓቱ የእራት ላይ ንግግር ይሆናል። የሠርግ መሐከሉ፣ ማለትም «ፈቃድህ ነው ወይ? ፈቃድሽ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ፣ ቃል ኪዳኑ፣ ቀለበቱ፣ «ባልና ሚስት ናችሁ» የሚለው አዋጅ፣ የሁሉም ሰው መሆኑ ነው ክብሩ። ሰው የሚያለቅሰው እዚያ ላይ ነው፤ ከእርሱ በፊት ሺህ ጊዜ የተባለውን ቃል ልጁ ሲለው ስለሚሰማ። ስለዚህ ታሪካቸውን የሚተርከው ክፍል የማንም ሊሆን የማይችል ይሁን፤ መሐከሉ ግን አጭር፣ ግልጽና የታወቀ ይሁን። የእነርሱን ጽሑፍ እንደዚህ ብትከፍይው ሙሽሪቷ ያጣችው የትኛው ክፍል እንደሆነ ወዲያው ይታይሻል።

ስለ ሕጉ አልጠየቅሽኝም፤ ግን መጠየቅ ነበረብሽ። የምትመሪው ሥነ ሥርዓት ራሱ ጋብቻ ነው ወይስ ጋብቻው በሌላ ቦታ ተፈጽሞ የሚደረግ በዓል? ይህ ከአገር አገር ይለያያል። ይህን ሥራ ከቤተ እምነት ውጭ እንደ ሙያ ያስጀመረችው አውስትራሊያ ናት ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሊዮኔል መርፊ ቄስም የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ያልሆኑ ሰዎችን እንዲያጋብቡ መሾም ሲጀምሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ለራቁ ሰዎች ከመዝገብ ቤት ደረቅ ሥርዓት የተሻለ ነገር እንዲያገኙ ብለው ነው። ዛሬ በዚያች አገር ከአሥር ጋብቻ ስምንት ያህሉ በእነዚህ መሪዎች ይፈጸማል። ነፃነቱ ሰፊ ቢሆንም የማይነኩ ነገሮች አሉት፦ የጋብቻ ማስታወቂያው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መሰጠት አለበት፣ ዕድሜያቸው 18 የሞላ ሁለት ምስክሮች ይኖራሉ፣ መሪውም ሙሽሮቹም እ.ኤ.አ. በ1961ዱ የጋብቻ ሕግ የተጻፈውን ቃል ሳያጎድሉ መናገር አለባቸው። በስኮትላንድ ሃይማኖት የሌላቸው ሰዎች የሚሰባሰቡበት የሰብአዊነት ማኅበር መሪዎች የሚፈጽሙት ጋብቻ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሕጋዊ ነው። ድንበሩን ተሻግረሽ እንግሊዝ ስትገቢ ግን እንዳንቺ ያለ የግል መሪ የሚመራው ሥነ ሥርዓት በሕግ ፊት ጋብቻ አይደለም፤ ሙሽሮቹ መዝገብ ሹም ፊት ቀርበው መፈራረም አለባቸው። በፈረንሳይም ሕጋዊው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። በአሜሪካዋ ፔንስልቬንያ ግዛት ደግሞ ሁለት ምስክር ካለ ያለ አጋቢም መጋባት ይቻላል፤ ያለ ቄስ የሚያመልኩት ክርስቲያኖች፣ የኩዌከሮች ቅርስ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። ሥነ ሥርዓትሽ ሕጋዊ ከሆነ የማትነኪያቸውን ቃላት መጀመሪያ አስፍሪ፣ የቀረውን በዙሪያቸው ገንቢ፤ ባለቀ ጽሑፍ መሐል የሕግ ዓረፍተ ነገር መሸጎጥ ሁልጊዜ ያስቀይማል። ሕጋዊ ካልሆነ ደግሞ ሕጋዊ እንደሆነ አድርገሽ አትናገሪ። «በተሰጠኝ ሥልጣን» የሚለው ሐረግ ሥልጣን ለተሰጠው ሰው ነው። «በቤተሰባችሁና በወዳጆቻችሁ ፊት ቃል ስለተገባባችሁ» ብትዪ እውነት ነው፤ ምንም አይጎድለውም።

ወደ እናቲቱ ልምጣ፤ የእርሳቸው ነገር ከሕጉ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ። በእንግሊዝ በመዝገብ ሹም ፊት በሚፈጸመው ጋብቻ መዝሙርም ሆነ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ አይፈቀድም፤ የግል መሪው በሚመራውና በሕግ በማይታወቀው ሥነ ሥርዓት ግን ማንም የሚከለክል የለም። አንቺ ባለሽበት የሚከለክል ሕግ ካለ ለሁላችሁም ቀላል ነው፤ እናቲቱ የሚጣሉት ከሕጉ ጋር ይሆናል። ከሌለ ግን ውሳኔው የሙሽሮቹ ነው። የእናቲቱም አይደለም፣ የአንቺም አይደለም። ስለዚህ ከእናቲቱ ጋር ለብቻሽ ድርድር እንዳትገቢ። ቢደውሉልሽ በአክብሮት አዳምጪያቸው፣ «እማማ፣ ለልጅዎ አስተላልፋለሁ» በዪ፣ አስተላልፊ። ዋናውን ነገር ግን ሙሽሪቷን ጠይቂያት፦ እናትሽ የሚፈልጉት ጸሎቱን ነው ወይስ በሠርግሽ ላይ የእናትነት ቦታ? ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። በሠርጉ የራሳቸው ሥራ የሌላቸው ወላጆች የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ፣ የሚያገኙትም ሃይማኖትን ነው። ለእናቲቱ የሚናገሩት ነገር ስጫቸው፤ ቃል ኪዳኑ ካለቀ በኋላ ከሁለቱም ወገን ወላጆች ተነሥተው በራሳቸው አፍ ልጆቻቸውን ይመርቁ። ምርቃቱ ውስጥ የፈጣሪን ስም ቢጠሩ የእርሳቸው ቃል ነው፤ ሙሽሮቹ ያላመኑበትን አላሉም፣ አንቺም አላልሽም።

እርሳቸው የሚፈልጉት በእውነት ጸሎቱን ከሆነ ደግሞ ሙሽሮቹ ሊቀበሏቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ጠዋት እናትና ልጅ ብቻቸውን የሚጸልዩበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው በሥነ ሥርዓቱ መሐል የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ነው፤ እንዲህ ብለሽ ትከፍቺዋለሽ፦ «አሁን አንድ ደቂቃ ዝም እንላለን። የምትጸልዩ ጸልዩላቸው፤ የማትጸልዩ መልካሙን ተመኙላቸው።» ሰዓት ይዘሽ ሙሉ ደቂቃ ጠብቂ። በሃያኛው ሴኮንድ ደንግጠሽ ካቋረጥሽ ለይስሙላ እንደሆነ ያስታውቃል። የማልመክርሽ አንድ ነገር አለ፤ «ጸሎት ይኖራል» ብሎ እናቲቱን አረጋግቶ በዕለቱ ግጥም ማንበብ። ያን የሚመክርሽ ሰው አታጪም፤ በሠርግ ቀን የተታለለች እናት ግን አትረሳም፣ ሒሳቡም የሚወራረደው ከልጇ ጋር ነው።

የዝምተኛው ሙሽራ ቃል ኪዳን ሌላው ጉዳይ ነው። ሰው በአደባባይ መናገር የማይወድ ከሆነ አታስገድጂው። ሦስት መንገድ አለ፦ የራሱን ጽፎ ማንበብ፣ አንቺን እየተከተለ መድገም፣ ወይም አንቺ ስትጠይቂ «አዎን» ብሎ መመለስ። ሕጉ የሚያዝዘው ቃል ካለ እርሱ እስካልጎደለ ድረስ ሦስቱም እኩል ይጸናሉ። ነገር ግን እርሷ ሁለት ገጽ አንብባ እርሱ «አዎን» ብቻ ካለ ዕድምተኛው ያዝንለታል፤ ስለዚህ የተመረጠው መንገድ ለሁለቱም አንድ ይሁን። እርሷ የምትለው ብዙ ከሆነ ደብዳቤ ጽፋ ጠዋት ትላክለት፤ ብቻውን ያንብበው። የሚደግሙሽ ከሆነ ሐረጉን ቆራርጪው፤ ከአራት አምስት ቃል አይለፍ። የተደናገጠ ሰው ረጅም ዓረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ይጠፋበታል። ሁለቱም ራሳቸው ከጻፉ ደግሞ አስቀድመው ለአንቺ ብቻ ይላኩልሽ። ይዘቱን ሳትነግሪያቸው «ያንተ ትንሽ ይርዘም፣ ያንቺ ትንሽ ይጠር» ብለሽ ሚዛኑን ታስተካክያለሽ፤ ለእያንዳንዳቸው ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ቃል ኪዳን ብለው የሚልኩልሽ አብዛኛው ሙገሳ ሆኖ ታገኚዋለሽ፦ «አንቺ የሕይወቴ ብርሃን ነሽ…» ጥሩ ነው፤ ግን ቃል አልገባም። «እሺ፣ ከነገ ጀምሮ ምን ልታደርግላት ነው?» ብለሽ መልሺለት። ሊፈጸም የሚችል ነገር ይሁን፤ «መቼም አላስከፋሽም» የሚል ሰው እስከ ሐሙስ አይደርስም። ለዝምተኛው ሙሽራሽ የሚሆን፣ እርሱ ካመነበት፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «ሲከፋኝ ዝም ብዬ ከመውጣት ይልቅ ‹ከፍቶኛል› ልልሽ ቃል እገባለሁ።» እርሷም፦ «ዝም ስትል ‹ተቆጥቷል› ብዬ ከመደምደሜ በፊት ልጠይቅህ ቃል እገባለሁ።» ስምንት ዘጠኝ ቃል ነው። ማን እንደጻፈው ሳይነገረው ዕድምተኛው ሁሉ የእነርሱ መሆኑን ያውቃል። ይህን ግን አንቺ ፈጥረሽ አታጉርሻቸው። ለየብቻ ያነጋገርሻቸው ጊዜ ስለ ጥል የጠየቅሽው ለዚህ ነው።

አሁን ሻማውና አሸዋው። ከሕይወታቸው የወጣ ምክንያት ካለው አስገቢው፤ ከሌለ ይቅር። ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው አሸዋ በአንድ ብልቃጥ ማፍሰስ፣ ለምሳሌ ከቀድሞ ትዳር ልጆች ላሉባቸው ሙሽሮች ደስ ይላል፤ ልጆቹም የሚያፈሱት ነገር ያገኛሉ። ለነዚህ ለሁለቱ ግን ምን እንደሚል አይታየኝም። ሻማ ከቤት ውጭ አይሞከር፤ ነፋሱ ያጠፋዋል፣ ክብሪት ፍለጋ ይጀመራል፣ የአንድነት ምልክት የተባለው ነገር ጠፍቶ እያየን እንስቃለን። ቀለበቱን ዕድምተኛው በእጁ ይዞ እንዲመኝላቸው ማዞር ውብ ነው፤ መቶ ሃምሳ ሰው ጋር ግን ሥነ ሥርዓቱ አልቆም ቀለበቱ አይመለስም፣ ስለዚህ ከወላጆችና ከሚዜዎች እጅ አይለፍ፣ በሪባን ይታሰር። ሁለት የታሸጉ ደብዳቤዎችን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ በአምስተኛው ዓመት መክፈት ለዝምተኛ ሰው የሚስማማ ይመስለኛል፤ መናገር አይጠይቅም። እንደዚያም ሆኖ አንድ ብቻ፤ ሁለት ምልክት ከተደረገ ሁለቱም ይደበዝዛሉ።

ግጥሙን በተመለከተ ከግጥሙ ይልቅ አንባቢው ያሳስበኛል። የሚያነበውን ሰው ሙሽሮቹ ስለሚወዱት ብቻ ሳይሆን ማንበብ ስለሚችል ይምረጡት። ጽሑፉ ከሁለት ሳምንት በፊት በእጁ ይግባ። በዕለቱ ከስልክ ላይ አያንብብ።

በሞት የተለየ የቅርብ ሰው ካለ ጠይቂ፤ ደብዳቤሽ ስለ ሙሽሪት አባት ምንም አይልም። ካለ በመግቢያው አካባቢ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በስም፣ ከሚታወቅ ነገሩ ጋር ይነሣና ወደ ደስታው ይታለፍ። መጨረሻ ላይ ካነሣሽው ሙሽሪቷ ቃል ኪዳኗን አልቅሳ ጨርሳ ፎቶ ትነሣለች። ከቤተሰቡም አስቀድሞ የማያውቅ ሰው አይኑር።

ስለ ዕለቱ ብዙ የምልሽ የለኝም፤ ልምዱ አለሽ። ጽሑፉ በትልቅ ፊደል ታትሞ ጠንካራ ክላሰር ውስጥ ይሁን፤ የቃል ኪዳኖቹ ሁለተኛ ቅጂ አንቺ ጋር ይኑር፣ ሙሽሮች ወረቀታቸውን ሌላ ልብስ ኪስ ውስጥ ረስተው ይመጣሉና። ሙሽሮቹ ወደ አንቺ ሳይሆን እርስ በርስ ዞረው ይቁሙ፤ ማይክሮፎኑ ለእነርሱም ድምፅ ይድረስ። ሲሳሳሙ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ውጪ። በየአልበሙ ከሙሽሮቹ መሐል ብቅ ያለ የአጋቢ ጭንቅላት ስንቱን ፎቶ አበላሽቷል! አጠቃላይ ሥርዓቱ ከሃያ አምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ሰዓት ይዘሽ፣ ቆመሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ በዓይን ሲነበብ አሥር ደቂቃ የሚመስለው በድምፅ እጥፍ ይሆናል።

ጊዜውን እንዲህ ተጠቀሚበት። ለሙሽሪቷ ዛሬውኑ መልሺላት፤ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፦ «ልክ ነሽ። የላክሁትን ተዪው። ሁለታችሁንም ለየብቻ ለአንድ አንድ ሰዓት ላነጋግራችሁና በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ጽሑፍ እልካለሁ።» በመጀመሪያው ሳምንት አነጋግሪያቸው፣ የሕጉንም ነገር አጣሪ፣ የእናቲቱም ጉዳይ ይወሰን። በሁለተኛው ጻፊ። አንድ ሳምንት ለእርማታቸው ስጪ፤ ቃል ኪዳኖቹም በዚያው ይግቡ። የቀሩት ሳምንታት ለልምምድ፣ ለአንባቢውና ለድንገተኛ ነገር ናቸው፤ ድንገተኛ ነገር ይኖራል።

ገንዘቡንም በተመለከተ፣ እንደገና መጻፍሽ የሥራሽ አካል ነው፤ ተጨማሪ አታስከፍዪ። ወደፊት ግን ውልሽ ውስጥ ሁለት መስመር ጨምሪ። አንደኛው ክፍያው ስንት ዙር እርማት እንደሚያካትት ይናገር፤ ሁለት ዙር ተገቢ ይመስለኛል። ሁለተኛው ብትታመሚ ማን እንደሚተካሽ ይግለጽ። ለዚህኛው ሠርግም ቢሆን የምታምኛትን የሙያ ባልደረባ ከአሁኑ ጠይቂና ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ላኪላት፤ ስልኳም በሙሽሪት ሚዜ እጅ ይኑር።